ለቬፕ የሚሆን ባትሪ፦ አመራረጥ፣ አያያዝና አጣጣል (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይህ ገጽ ባትሪው ተነቅሎ የሚቀየር ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ለያዙ አዋቂዎች ነው። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ወይም ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ከሆነ ምርጫው የፋብሪካው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ያኔ የሚጠቅምዎት ስለ ቻርጅ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ጉዞ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለ ኒኮቲንና ስለ ጤና እዚህ አንገባም።

18650 ማለት ምን ማለት ነው?

ልኩ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ መጨረሻ ላይ ያለው 0 ደግሞ ክብ ሲሊንደር መሆኑን ይነግራል። በዚሁ ሕግ 21700 ማለት 21 በ70 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ስለ ጥራት አንድም ነገር አይናገርም፤ የጫማ ቁጥር ስለ ቆዳው እንደማይናገረው። ያው 18650 በላፕቶፕ ውስጥ፣ በፓወር ባንክ ውስጥ፣ በእጅ ባትሪ ውስጥ አለ። ሲሞላ አብዛኛው 4.2 ቮልት ነው፤ ላዩ ላይ የሚጻፈው 3.6 ወይም 3.7 ቮልት አማካዩ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ፈትቶ ለቬፕ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፣ ምክንያቱን ቀጥሎ እናያለን።

ስገዛ ኤምኤኤቹን (mAh) ልይ ወይስ አምፔሩን (A)?

አምፔሩን። ኤምኤኤች የጀሪካኑ ትልቅነት ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይዎት ይነግራል። አምፔር ግን የጀሪካኑ አፍ ስፋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ማፍሰስ እንደሚችል። ቬፕ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጠጣ ዕቃ አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ይስባል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይስባል። ባትሪው ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ከውስጥ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲብስም ጋዝ ይተፋል።

ሁለቱን በአንድ ላይ በሙሉ ማግኘት አይቻልም፣ ቆርቆሮው አንድ ነውና። ፋብሪካው ብዙ ኃይል ለመያዝ ከውስጥ የተጠቀለለውን ንጣፍ ወፈር ያደርገዋል፤ ብዙ አምፔር ለመስጠት ደግሞ ያሳሳዋል። የፓናሶኒኩ ኤንሲአር18650ቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። 3400 ኤምኤኤች ገደማ ይይዛል፣ በጥራቱም የሚታማ አይደለም፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግን ከ5 አምፔር ያነሰ ነው። ለእጅ ባትሪ ግሩም ነው፣ ለቬፕ አይሆንም። የላፕቶፕ ባትሪዎችም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ለቬፕ ስማቸው በተደጋጋሚ የሚነሳ 18650ዎች እነዚህ ናቸው፦ ሳምሰንግ 25አር (2500 ኤምኤኤች፣ 20 አምፔር)፣ ሳምሰንግ 30ኪው (3000፣ 15 አምፔር)፣ ሶኒ ወይም ሙራታ ቪቲሲ5ኤ (2600፣ 25 አምፔር)፣ ቪቲሲ6 (3000፣ 15 አምፔር) እና ሞሊሴል ፒ28ኤ (2800)። ሶኒ የባትሪ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሙራታ ስለሸጠ፣ ሁለቱን ስሞች በአንድ ሞዴል ላይ ቢያዩ አይደንግጡ።

ሞሊሴል ፒ28ኤን በራሱ ሰነድ 35 አምፔር ይለዋል። በቬፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ "ሙች" በሚል ስም የሚታወቀው የባትሪ ፈታሽ ግን ለረጅም ጊዜ አጠቃቀም 25 አምፔር ነው ያለው። ሁለት ቁጥር ሲገጥምዎት ትንሹን ይያዙ። "40 አምፔር ማክስ" የሚል ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰጠውን ነው የሚናገረው። እኛ የምንፈልገው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ነው።

የኔ ቬፕ ስንት አምፔር ይፈልጋል?

ዋት የሚስተካከልበት፣ ስክሪን ያለው ዓይነት ከሆነ እንዲህ ያስሉት፦ ዋቱን ለባትሪው ብዛት ያካፍሉ፣ የተገኘውን ለ3.2 ያካፍሉ፣ ከዚያ ለ0.9። 3.2 መሣሪያው "ባትሪ ደክሟል" ብሎ ሊቆም ሲቃረብ የሚኖረው ቮልት ነው፤ 0.9 ደግሞ ቦርዱ (መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ሰርኪት) የሚያባክነውን ለመተካት ነው።

አንድ ባትሪ በሚወስድ መሣሪያ በ60 ዋት ቢስቡ፦ 60 ÷ 3.2 ÷ 0.9 = 20.8 አምፔር። ስለዚህ 15 አምፔር የሆነው 30ኪው አይበቃም፣ 20 አምፔር የሆነው 25አርም በትንሹ ያንሳል፤ ቪቲሲ5ኤ ወይም ፒ28ኤ ያስፈልጋል። በ40 ዋት ከሆነ 13.9 አምፔር ነው፣ 30ኪው በምቾት ይሠራዋል። ሁለት ባትሪ ያለው መሣሪያ በ120 ዋት ሲሠራ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 60 ዋት ነው፣ ስለዚህ መልሱ ያው 20.8 ነው። ባትሪዎቹ በተከታታይም ይያያዙ በትይዩ በዚህ ስሌት ለውጥ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙሉ ባትሪውን በ4.2 ቮልት አስልቶ ነው። ዋቱ ካልተቀየረ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ የሚሳበው አምፔር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከባዱ ጭነት የሚመጣው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ነው።

ሜካኒካል ሞድስ?

ቦርድ የለውም። ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ኮይል (የሚግለው ሽቦ)፤ በቃ። የሚቆጣጠር ነገር ስለሌለ አምፔሩን የሚወስነው የኮይሉ ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ነው፦ 4.2 ሲካፈል ለኦሙ። 0.5 ኦም 8.4 አምፔር፣ 0.2 ኦም 21፣ 0.15 ኦም 28፣ 0.1 ኦም 42 አምፔር ይስባል። ከላይ ከዘረዘርናቸው 18650ዎች 42 አምፔርን ያለማቋረጥ በሰላም የሚሰጥ አንድም የለም።

በተለይ የኮይሉ ክፍል በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚያርፍበት ዓይነት ሲኖርዎት፣ ከታች ያለው የመሃል ፒን ከዙሪያው የሚጠመዘዝ የብረት ክር ጎልቶ መውጣቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ካልወጣ ኔጌቲቭ የሆነው ክር የባትሪውን ፖዘቲቭ ይነካል፣ ቁልፉን ሳይጫኑት ሾርት ይሆናል። ጋዝ ማስወጫ ቀዳዳ የሌለው ቱቦ ደግሞ ባትሪው ሲተነፍስ ቧንቧ ቦምብ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ የሰው ሕይወት ያለፈበት ፍንዳታ በዚህ ዓይነት መሣሪያ የደረሰ ነው። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ ኦም መለኪያ የሌለው ሰው ሜካኒካል ሞድ አይያዝ።

ፎርጅድ ባትሪን እንዴት ልለይ?

መጀመሪያ ቁጥሩን ያንብቡ። እውነተኛ 18650 ለረጅም ጊዜ ከ3600 ኤምኤኤች አላለፈም፤ ቅርብ ጊዜ የወጡ ጥቂቶች 4000ን ነክተዋል፣ እነሱም ከፍተኛ አምፔር አይሰጡም። 6000፣ 9900 የሚል ካዩ ፈገግ ብለው ይለፉት። "3500 ኤምኤኤች 35 አምፔር" የሚለውም የዚያው ዘመድ ነው።

ቀጥሎ ሚዛን። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ኦርጂናል የቬፕ 18650 ከ45 እስከ 48 ግራም ውስጥ ነው። 35 ግራም ከመዘነ ውስጡ ግማሽ ባዶ ነው ወይም ትንሽ ባትሪ ተከቶበት ተሸፍኗል።

ሦስተኛ፣ እንደደረሰዎ በቴስተር ይለኩት። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3.4 እስከ 3.7 ቮልት ባለው ውስጥ ይሆናል። ከ3 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጅ አያድርጉት፣ ይመልሱት። አብረው የመጡ ሁለት ባትሪዎች በመካከላቸው ከ0.05 ቮልት በላይ ልዩነት ካላቸው ከአንድ ቦታ አልመጡም ብለው ይጠርጥሩ።

የመጨረሻው ፈተና ቻርጀር ነው። ባትሪውን አፍስሶ ኤምኤኤቹን የሚለካ ቻርጀር ካለዎት 3000 የተባለው ባትሪ 3000 አካባቢ ማሳየት አለበት። 2900 ቢል ችግር የለም። 2100 ካለ ግን የተጻፈበት ስም የእሱ አይደለም።

የላዩ ጽሑፍና ቀለሙ ምንም ማስረጃ አይሆኑም። የሳምሰንግ 25አር ሰማያዊ ልባስ (የውጭ ፕላስቲክ ሽፋኑ) በሜትር ይሸጣል፣ ሞቅ ሲያደርጉት ማንኛውም ባትሪ ላይ ልክክ ይላል። የቬፕ ኩባንያ ስም የያዙ ብዙ ባትሪዎችም ከሌላ ፋብሪካ ተገዝተው አዲስ ልባስ የለበሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ደህና ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከትልልቅ ፋብሪካዎች መስፈርቱን ሳያሟሉ የወጡ ናቸው፤ ከውጭ ግን አይለዩም። ማንም የፈለገውን ከሚሸጥበት ትልቅ የኦንላይን ገበያ ይልቅ ባትሪ ብቻ የሚሸጥ፣ የምርት ቀን ኮዱን ሲጠየቅ የሚናገር ሱቅ ይሻላል። ሁለትና ሦስት ዶላር ለመቆጠብ ሲባል የሚገዛ ነገር አይደለም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው "ለግለሰብ አንሸጥም" ይላሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሳምሰንግም ኤልጂም ሙራታም ነጠላውን ባትሪ የሚሠሩት መከላከያ ሰርኪት ባለው ፓኬት ውስጥ ለሚያስገቡ ፋብሪካዎች ነው፣ በእጅ ተይዞ ለቬፕ እንዲውልም አይመክሩም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሰዎች ነጠላ 18650 እንዳይገዙና እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ይህን ስንነግርዎ ገጹን ዘግተው ቢሄዱ አንቀየምም። ባትሪው በውስጡ የታሸገ፣ ከታወቀ አምራች የመጣ መሣሪያ ብዙውን ስጋት ይቀንሳል። ነጠላ ባትሪ እጠቀማለሁ ካሉ ግን መከላከያው እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

መከላከያ ሰርኪት ያለው ባትሪ ብገዛስ?

ለእጅ ባትሪ ጥሩ ነው፣ ለቬፕ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ሰርኪቱ በጥቂት አምፔር ይቆርጣል፤ ቁመቱም ከ65 ሚሊ ሜትር ስለሚያልፍ ቤቱ ውስጥ አይገባም። ተጭኖ የሚገባ ባትሪ ደግሞ ልባሱን ይልጣል።

ልባሱ ትንሽ ቢቀደድ ምን ችግር አለው?

ከሁሉም የሚናቀው ይህ ነው፣ ብዙ አደጋ የሚነሳውም ከዚህ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ የታችኛው ጠፍጣፋ ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው በሙሉ፣ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ኔጌቲቭ ነው። ባትሪውን አቁመው ከላይ ቢያዩት መሃል ላይ ፖዘቲቩ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀለበት የሚመስል ስስ ነጭ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ይታያል። ያ ቀለበት የሚለየው ፖዘቲቩን ከቆርቆሮው ጠርዝ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እዚያ ጋ ልባሱ ከተላጠ የመሣሪያው ብረት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊነካ ይችላል።

ልባስ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አሮጌውን በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ነገር ልጠው ያውጡት፣ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ምላጭ አያስጠጉ። ነጩን ቀለበት ይመልከቱ፤ ከተጎዳ አዲስ ይተኩ፣ ያለ ቀለበት አይሸፍኑት። ለ18650 የሚሆነውን አዲስ ልባስ አጥልቀው ከላይና ከታች እኩል ትርፍ ይተዉ፣ ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እያሽከረከሩ ለጥቂት ሰከንድ ያሙቁት፣ ራሱ ይሰበሰባል። ላይተር አይጠቀሙ። ቆርቆሮው ላይ ስርጉድ ካዩ ግን ልባስ አያድነውም፣ ይጣል።

ትርፍ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ብይዝ?

በባዶው በጭራሽ። ቁልፍ ወይም ሳንቲም ፖዘቲቩንና ጠርዙን ካገናኘ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሱሪውን ለማውለቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ በመገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የቬፕ እሳትና ፍንዳታዎችን ሰብስቦ ነበር። ከእነዚህ 61ዱ የደረሱት መሣሪያው ወይም ባትሪው ኪስ ውስጥ እያለ ነው፣ ቻርጅ ላይ እያሉ ከተነሱት 48 ይበልጣል። የባትሪ ፕላስቲክ ሳጥን ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው።

ሁለት ባትሪ ለሚወስድ መሣሪያ የተለያየ ብቀላቅልስ?

አይቀላቅሉ። አንድ ሞዴል፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ መሆን አለባቸው። በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ባትሪዎች አንዱ ደካማ ከሆነ ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ብርቱው ግን መግፋቱን አያቆምም፣ ደካማውን ከመጠን በታች ያወርደዋል። በትይዩ ከሆነ ደግሞ የሞላው ወደ ጎዶሎው ያለ ገደብ ይፈስበታል። እንደ ጥንድ በሬ ያስቧቸው፦ "ሀ" እና "ለ" ብለው ይጻፉባቸው፣ አብረው ይሙሉ፣ አብረው ይለቁ፣ በየጊዜው ቦታ ይቀያይሩ፣ አንዱ ሲያረጅ ሁለቱም ይውጡ። ከማስገባትዎ በፊት የ"+" ምልክቱን ማየት አይርሱ።

ቻርጅ አደራረጉስ?

ለየብቻ የሚሞላ፣ ቮልቱን በስክሪን የሚያሳይ ቻርጀር በመሣሪያው ገመድ ከመሙላት ይሻላል፤ የእያንዳንዱን ባትሪ ጤና ያያሉ። 18650ን በ1 አምፔር ወይም ከዚያ በታች፣ 21700ን እስከ 2 አምፔር ይሙሉ። ቻርጀሩ 4.2 ላይ መቆም አለበት፤ 4.25 ካለፈ ቻርጀሩ ይጣል። ማታ ተኝተው፣ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር አይሙሉ። ሴራሚክ ወይም ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት እንጂ ሶፋና አልጋ ላይ አይሆንም።

ከሳቡበት ሞቅ እንዳለ አይሙሉ፣ ይቀዝቅዝ። በሚኒሶታ ብርድ መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪም የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ ከውስጥ ይለበጣል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በሪያድና በዱባይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ባትሪ አይተዉ።

ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ከ3.6 እስከ 3.8 ቮልት ላይ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። ሞልቶ ማስቀመጥ ያስረጀዋል፤ ባዶውን ማስቀመጥ ደግሞ ከ2.5 በታች ሊያወርደው ይችላል። ከ2.5 በታች ወርዶ የቆየን ባትሪ "ላስነሳው" አይበሉ። ከውስጥ መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ይችላል፣ ሲሞላ ሾርት የሚፈጥረው እሱ ነው።

መቼ ልቀይር? አሮጌውንስ የት ልጣል?

ሞልቶ ባደረ ማግስት ከ4.1 በታች ከወረደ፣ ቻርጅ ላይ እያለ እንደ በፊቱ ሳይሆን ከሞቀ፣ ወይም የሚያቆይዎት ጊዜ በግልጽ ካጠረ ይቀይሩት። የወደቀ፣ የተሰረጎደ፣ እርጥበት የወጣው፣ ጣፋጭ መሰል የኬሚካል ሽታ ያለው ባትሪ ያለ ክርክር ይውጣ። በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል የተለመደ ዕድሜ ነው።

ሁለቱን ጫፎች በናስትሮ ይሸፍኑ። ወደ ቤት ቆሻሻ አይጣሉት፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨፈልቀው ይነዳል። በአሜሪካ ሆም ዲፖና ሎውዝ የተባሉት ሱቆች መግቢያቸው አካባቢ መሰብሰቢያ ሳጥን አላቸው፣ በአውሮፓ ባትሪ የሚሸጡ ሱቆች ይቀበላሉ።

ቢግል ወይም ጢስ ቢያወጣ ምን ላድርግ?

በእጅ መያዝ የማይቻል ሙቀት ወይም የሽሽሽ ድምፅ ከመጣ ይጣሉትና ይራቁ፤ ባትሪውን ለማውጣት አይታገሉ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ስላለበት አይተንፍሱት፣ በርና መስኮት ይክፈቱ። ከርቀት ብዙ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። "ሊቲየም ላይ ውሃ አይፈስም" የሚባለው ለብረቱ ሊቲየም ነው፣ ለዚህ ዓይነት ትንሽ ባትሪ ውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ቆዳ ከተነካ በብዙ ውሃ ታጥበው ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ቃጠሎው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን መናገር አይርሱ፤ ሕክምናው ከተራ ቃጠሎ ሊለይ ይችላል።

በአውሮፕላን ስሄድስ? ወደ ኢትዮጵያስ?

ቬፑም ትርፍ ባትሪውም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄዱት፤ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ መላክ ክልክል ነው። እያንዳንዱ ትርፍ ባትሪ ሳጥን ውስጥ ወይም ጫፉ ተሸፍኖ ይሁን። የተፈቀደው ጣሪያ በባትሪ 100 ዋት-ሰዓት ነው፣ አንድ 3000 ኤምኤኤች 18650 ደግሞ 10.8 ዋት-ሰዓት ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። አውሮፕላኑ በር ላይ "ቦታ የለም፣ ሻንጣዎ ወደ ጭነት ይግባ" ካሉዎት ከመስጠትዎ በፊት ቬፑንና ባትሪዎቹን ያውጡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እዚህ ጋ ነው። ውስጥ ሆኖ መሳብም ቻርጅ ማድረግም አይቻልም።

ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከባትሪ ያልፋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ የኒኮቲን መሣሪያዎችን ወደ አገር ማስገባትን፣ ማከፋፈልንና መሸጥን ይከለክላል። ለዘመድ በስጦታ ይዞ መሄድም ጣጣ አለው፤ መሣሪያውን ቤትዎ ትተውት ቢሄዱ ይሻላል፣ ባትሪዎቹንም 3.7 ቮልት ላይ አድርገው።